ዶሮ ወጥ በ60 ደቂቃ? ለ«ሰባቱ ትምህርቶች» ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ በስልኬ ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ አንብበው፤ እሁድ እመጣለሁ» ይላል። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። በቴሌቪዥን ለሚተላለፍ የምግብ ውድድር ፎርም እየሞላ ነው። ውድድሩ በሙያው ለማይተዳደሩ፣ ቤታቸው ለሚያበስሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ በሰው ኪችን ሽንኩርት ስከትፍ 16 ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ ምክር ሲያምረው ወደኔ ይመጣል። እናቱ ግን «እሱን ከምትሰማ ዩቲዩብ እይ» ነው የምትለው።

ጽሑፉ ተወዳዳሪዎች በቴሌቪዥን ከሚታዩ የምግብ ውድድሮች ይማሯቸው ዘንድ ሰባት ነገሮች ይዘረዝራል። ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የምታውቀውን ብቻ ሥራ፤ የእናትህን ምግብ ይዘህ ግባ፤ ከሁሉም በላይ ፍጠን፤ ዳኛው የሚወደውን አብስል፤ የማንንም ምክር አትቀበል፤ ንዴትህን ተቆጣጠር፤ ካላሸነፍክ ልፋትህ ከንቱ ነው። ጸሐፊው ብዙ ፕሮግራም እንዳየ ያስታውቃል። አጻጻፉም ይጥማል። ችግሩ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያየውን፣ ምድጃ ፊት ለቆመ ሰው ማዘዙ ነው። ስክሪኑ ላይ እሳት፣ ላብና ሩጫ ይታያል። ተወዳዳሪውን የጣለው ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው ሳይለኮስ በፊት የተወሰነ ነው። እሱን ካሜራ አይወደውም፤ አንድ ሰው ቆሞ ሲያስብ ማየት ምን ያዝናናል?

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ቅሬታ አለኝ። ጽሑፉ ሁሉንም ፕሮግራም አንድ ድስት ውስጥ ጨምሮ አማስሏል። «ቾፕድ» ላይ አራት ሰዎች ምን እንዳለበት የማያውቁት ቅርጫት ይከፍታሉ። ለመክፈቻው ምግብ 20 ደቂቃ፣ ለዋናው 30፣ ለጣፋጩም 30 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። አሸናፊው 10,000 ዶላር ይዞ ይሄዳል። የእንግሊዞቹ የኬክና የዳቦ ውድድር «ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ» ሌላ ዓለም ነው። ከሦስቱ ፈተናዎች ሁለቱን ተወዳዳሪዎቹ ቀድመው ያውቋቸዋል። ቤታቸው ሲለማመዱ ይሰነብታሉ። ድንገተኛው መካከለኛው ብቻ ነው። እዚያ ላይ የሚሰጣቸው የአሠራር ወረቀት ሆን ተብሎ የተጎማመደ ነው። ሽልማቱም ገንዘብ አይደለም፤ አበባና የኬክ ማቅረቢያ ነው። «ቶፕ ሼፍ» ላይ የሚወዳደሩት በሙያው የሚኖሩ ሼፎች ናቸው። «ማስተርሼፍ» ደግሞ በዋናነት የቤት አብሳዮች ነው። ለአንዱ የሚበጅ ምክር ለሌላው ገደል ይሆናል። ለቅርጫት የሚዘጋጅ ሰው አንድ ምግብ መቶ ጊዜ ቢለማመድ ምን ይረባዋል? ለቤክ ኦፍ የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ካልተለማመደ ባይሄድ ይሻለዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው። «የምታውቀውን ብቻ ሥራ፣ አትድፈር» ይላል። ማስረጃው ሪዞቶ ነው። ቶፕ ሼፍ ላይ ሪዞቶ ለብዙ ሰው መውጫ በር እንደሆነ ያየ ሁሉ ያውቃል። ትሬ ዊልኮክስ የድሮ ተወዳዳሪዎች ተመልሰው በገጠሙበት ዙር የወጣው በሪዞቶ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ሪዞቶ አያውቁም ነበር? ሼፎች ናቸው እኮ! ተኝተው የሚሠሩት ነገር ነው። ሪዞቶ ማለት ሩዙን በጥቂት በጥቂቱ መረቅ እያጠጡ የሚያማስሉት የጣልያን ምግብ ነው። ከእሳት ወርዶ ወዲያው ካልተበላ እንደ አደረ ገንፎ ይቋጠራል። በውድድር ላይ ደግሞ ምግብ ይጠብቃል። ካሜራው ይዞራል፣ ዳኛው ያወራል፣ የሌላው ሰው ሳህን ይቀድማል። እነሱን የጣላቸው ድፍረት አይደለም። መጠበቅ የማይችል ምግብ ይዘው ወረፋ መቆማቸው ነው።

በኛም ምግብ እንደዚያው ነው። ምስር ወጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንዲያውም ይጣፍጣል። ጥብስ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ክትፎ ደግሞ ቅቤው ሳህኑ ላይ ረግቶ ነጭ ሲሆን፣ የጉራጌ እናት ባታየው ይሻላል። ለእህቴ ልጅ ያልኩት ይህን ነው፦ ምግቡን ከማወቅህ በፊት፣ ተሠርቶ አሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን እወቅ። እሁድ ሁሉንም ነገር ሠርተን፣ ሰዓት ይዘን፣ አሥር ደቂቃ እየጠበቅን ነው የቀመስነው። እጃችንን አጣጥፈን ምግብ እያየን ስንቀመጥ እህቴ «ምን ሆናችኋል?» አለች።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኛ ሰው የሚጣፍጠው ምክር ይህ ነውና። «የእናትህን ምግብ ይዘህ ግባ፤ ታሪክህ ያሸንፋል» ይላል ጸሐፊው። ምሳሌው ኢትዮጵያ የተወለደው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። እርግጥ ነው፣ ማርከስ በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ»ን አሸንፏል። የመጨረሻው ፈተናም ሦስት ምግቦች ነበሩ፦ የመጀመሪያ የምግብ ትዝታህ፣ ሼፍ እንድትሆን ያደረገህ ምግብ፣ እና እንደ ሼፍ አንተን የሚገልጽ ምግብ። ታሪክ ራሱ የፈተናው ጥያቄ ነበር። እስከዚህ እንስማማለን።

ግን የማርከስን ታሪክ አስተካክለን እናንብብ። በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ፅጌ ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው እሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ያደገው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። ምግብ ያስተማረችው ስዊድናዊቷ አያቱ ሄልጋ ናት። የእናቱን ወጥ ከእናቱ እጅ የተማረ ሰው አይደለም። በርበሬን አዋቂ ሆኖ፣ ፈልጎ፣ አገሩ ተመልሶ ነው ያገኘው። ዳኞቹ ፊት ያቀረበውም ከጎተንበርግ፣ ከኒውዮርክና ከአዲስ አበባ የተቀዳ የራሱ እጅ ነው። ያሸነፈበት ገንዘብ ለዩኒሴፍ ሄደ፤ እሱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ «ሬድ ሩስተር» የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። እንግዲህ ይህን ታሪክ «የእናትህን ምግብ ሥራ» ብሎ ማሳጠር ምን ይባላል?

የእህቴ ልጅ ግን አመነው። እሁድ ጠዋት ሁለት ዶሮና አንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ ነው የምሠራው» አለ። «በስንት ሰዓት?» አልኩት። «በ60 ደቂቃ።»

ሳቅሁ፤ ግን አልከለከልኩትም። ስልኬን ምድጃው አጠገብ አቁሜ ሰዓቱን ለቀቅሁት። ዶሮውን ገፎ፣ በሎሚና በጨው አጥቦ፣ በብልት በብልቱ ሲያወጣ 17 ደቂቃ ሄደ። ሽንኩርቱን ሲከትፍ 11 ደቂቃ። ዓይኑ ቀልቷል፣ መክተፊያው ረጥቧል። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሲገባ የቀረው 32 ደቂቃ ነው። ዶሮ ወጥ ያወቀ ሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን ያውቃል። ሽንኩርቱ ውኃውን አልጨረሰም። እሱ ግን ሰዓቱን እያየ በርበሬውን ጨመረ፣ ቅቤውን አስከተለ፣ ዶሮውን ጣለበት። 60 ሲሞላ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ቀይ ነው፤ ወጥ ግን አይደለም። ሽንኩርቱ ከጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። እንቁላሎቹ ብቻ ደርሰው ነበር፤ እነሱም መሐሉ ላይ ምን እናድርግ ብለው እንደተቀመጡ እንግዶች ይታዩ ነበር።

የዶሮ ወጥ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ውስጥ ነው። ሽንኩርቱ ያለቅባት በቀስታ ተንገርግቦ፣ ቅርጹን ጥሎ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ከዚያ በርበሬውን ተቀብሎ በጥቂት በጥቂቱ ውኃ እየጠጣ ይበስላል። እናቶቻችን ይህን ሲሠሩ ከሰዓት ጋር አልተጣሉም። የበዓል ዋዜማ ሙሉ ቀን ነበራቸው። ብሌንደርና ፕሬዠር ድስት ትንሽ ያሳጥራሉ፤ ያለቀቀ ሽንኩርት ግን በምንም አይታለልም።

ታዲያ የእናት ምግብ አይግባ ማለቴ ነው? አይደለም። ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «እንግዳ ሳይታሰብ ከተፍ ሲል እናትህ ምን ትሠራለች?» ትንሽ አሰበ። «ቂጣ» አለ፤ «በቅቤና በበርበሬ ትፈተፍተዋለች። አንዳንዴ ጥብስ። ሽሮም አለ።» በቃ! የእያንዳንዷ እናት ጓዳ ሁለት ዓይነት ምግብ ያውቃል፤ የበዓልና የድንገተኛ እንግዳ። የድንገተኛው ሲበላ ማንም ፎቶ አያነሳውም፤ ስሙ ሲጠራም ማንም አያለቅስም። ግን ለሰዓት የተፈጠረ ነው። እንጀራ ሊጥ ቡካ ብለህ ሦስት ቀን ልትጠብቅ ነው? ቂጣ በአሥር ደቂቃ ምጣድ ላይ ነው። ውድድር ማለት እኮ ያልታሰበ እንግዳ ማለት ነው፤ ያውም ሦስት ሆነው የሚመጡ ነገረኞች።

ሦስተኛው «ፍጠን» የሚለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጸሐፊው ፍጥነትና ጊዜ አያያዝን አንድ አድርጓቸዋል። ቢላዋ ላይ መፍጠን ከ60 ደቂቃ ውስጥ ምናልባት አራት ደቂቃ ያተርፍልህ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ካበላሸህ ሃያ ይወስድብሃል። እሁድ የልጁ ስህተት ሽንኩርት መክተፉ ላይ አልነበረም። ዶሮውን ማስቀደሙ ነው። ሽንኩርቱ ቀድሞ እሳት ላይ ቢወጣ፣ ዶሮው ሲገፈፍ እሱ በራሱ ይሠራ ነበር። ልምድ ያለው ሰው ሰዓቱ ሲጀምር አይሮጥም። ውኃ ይጥዳል፣ ኦቨኑን ያበራል፣ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን እሳት ላይ ያደርጋል። ከዚያ ነው ቢላዋ የሚያነሳው። ስክሪኑ ላይ ይህ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ወይም ጭራሽ የለም።

ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ ነገርም አለ። ክዋሜ ኦንዋቺ በ13ኛው የቶፕ ሼፍ ዙር እስከ መጨረሻዎቹ አካባቢ የደረሰ ጎበዝ ልጅ ነበር። ፈጣን ምግብ ቤት የሚሆን ሐሳብ አምጡ ተባሉ። እሱ ዶሮ በዋፍል አቀረበ። ዋፍሉ ግን ከሱቅ የተገዛ፣ በረዶ የሆነ ነበር። ወጣ። ልብ በሉ፣ ምግቡ ስሙ «ዋፍል» ነው! ጊዜውን ለመቆጠብ የቆረጠው የምግቡን ልብ ነው። የሚያሳጥር ነገር ካለ ከዳር ይሁን። ሽሮ ሠርተህ ሰላጣውን ብትገዛ ማን ይቆጣሃል? ሽሮውን ራሱን ገዝተህ የራስህ ብታስመስል ግን ያው ዋፍሉ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ የሆቴል ሠራተኞች ውድድር ላይ ገብቼ ነበር። ከሁሉም ቀድሜ፣ አምስት ደቂቃ ተርፎኝ ጨረስኩ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ሌሎቹ ሲራወጡ እያየሁ ሆዴ ውስጥ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሳህኔ ያምር ነበር። ጨው የሚባል ነገር ግን አልነካውም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆሜ አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም! እስካሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

አራተኛው፦ «ዳኛው የሚወደውን አብስል።» እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የቾፕዱ ዳኛ ስኮት ኮናንት ጥሬ ቀይ ሽንኩርት እንደማይወድ ፕሮግራሙን የሚያይ ሁሉ ያውቃል። እሱ ፊት ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ይዞ የሚቀርብ ሰው ራሱን ይውቀስ። ዳኛው የሚጠላውን መተው ቀላል ነው። የሚወደውን ማሳደድ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ዳኛው የማያውቀውን ምግብ ለሚሠራ ሰው።

በ2018 በእንግሊዙ ማስተርሼፍ ላይ የሆነውን ጸሐፊው አላነሳውም፤ ለኛ ከሁሉም የሚጠጋን እሱ ነበር። ዛለሃ ካዲር ኦልፒን የምትባል ማሌዥያ የተወለደች ተወዳዳሪ ናሲ ለማክ፣ ማለትም በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ ከዶሮ ረንዳንግ ጋር አቀረበች። ረንዳንግ በኮኮናት ወተትና በቅመም ለረጅም ጊዜ የሚበስል ነገር ነው፤ ለኛ የሚቀርበው ወጥ ነው። ዳኛው ግሬግ ዋላስ የዶሮው ቆዳ ጥርስ ላይ የሚሰበር አይደለም ብሎ ተቸ። ወጣች። ማሌዥያ ተነሳች። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ራዛክ ሳይቀሩ በትዊተር ተሳለቁ። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ፣ ረንዳንግ የኔ ነው በሚለው የሚነታረኩት፣ ለአንድ ሳምንት ወዳጅ ሆኑ። ዋላስ በኋላ፣ ይጠበስ ማለቴ አይደለም፣ አልበሰለም ለማለት ነው ብሎ አስተካከለ።

አሁን ዶሮ ወጥን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። እኛ እንዲያውም ቆዳውን ገፈን እንጥላለን! «ቆዳው የት አለ?» ሊል ነው። እንቁላሉን «ከመጠን በላይ በስሏል» ሊል ነው። ጎመኑን «ቀለሙን አጥቷል» ሊል ነው። ጸሐፊው እንዳለው ዳኛውን ለማስደሰት ቆዳውን ብትጠብሰው ወጥም ጥብስም ያልሆነ ነገር ይወጣሃል። ብትተወው ደግሞ ዳኛው በማያውቀው ነገር ይፈርድብሃል። ማምለጫው በአፍ ነው። ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፈልግሃል፦ ይህ ምግብ በአገሩ እንዴት ይበላል፣ ጥሩነቱ በምን ይታወቃል። «ይህ ዶሮ ከአጥንቱ መላቀቅ አለበት፤ መረቁ በጣት ሲነካ መጣበቅ አለበት» ካልክ፣ ዳኛው የሚፈልገውን ነገር አንተ ሰጠኸው ማለት ነው። ልጁን ይህን ስናለማምደው ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ አያቱ ተረከ። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሆነለት።

የዋላስ ማስተካከያም አንድ ነገር ያስተምራል። ዳኛ የሚለው ሁልጊዜ የሚሰማውን አይደለም። አንዳንዴ አንድ ነገር አልጣመውም፤ ስሙን ግን አላገኘውም። «ቆዳው» ይላል፤ ሆዱ ውስጥ «ጥሬ ነው» ነው። ቃሉን ይዘህ ከመከራከርህ በፊት ራስህ ቅመሰው።

አምስተኛው ነጥብ በጣም ያናደደኝ ነው። «የማንንም ምክር አትቀበል» ብሎ ካርላ ሆልን ምሳሌ ያደርጋል። ካርላ በአምስተኛው የቶፕ ሼፍ ዙር መጨረሻ ላይ ደርሳ ነበር። በዚያ ቀን ልቧም እጇም ጥሩ ነበር። ረዳት ሆና የተሰጠቻት ኬሲ ቶምሰን፣ ሥጋውን በላስቲክ አሽገሽ በሞቀ ውኃ ውስጥ አብስይው አለቻት፤ በተመታ እንቁላል ኦቨን ውስጥ የሚነፋው የሱፍሌም ሐሳብ መጣ። ሥጋው ጠነከረ። ሱፍሌው አልሆን ስላለ ሳይቀርብ ቀረ። ሆዜያ ሮዘንበርግ አሸነፈ።

ጸሐፊው ከዚህ የወሰደው «አትስማ» የሚለውን ነው። ኪችን ውስጥ ግን ማንንም የማይሰማ ሰው አንድ ቀን አይቆይም። ከጎንህ ያለው «ሽታው ተቃጥሏል» ሲልህ ካልሰማህ አበቃልህ። ካርላን የጎዳት ምክር መስማቷ አይደለም፤ ምክሩ የመጣበት ሰዓት ነው። አዲስ አሠራር የሚሞከረው ሰኞ ነው፣ ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያይ። በመጨረሻው ቀን ከባልደረባ የሚወሰድ ምክር ጨው፣ እሳትና ሰዓት ላይ ብቻ ይሁን። ደግሞም ኬሲ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እሺ ያለችው ግን ካርላ ናት።

ስድስተኛው፣ ንዴትህን ተቆጣጠር። ይህን እቀበላለሁ። ከሰባቱ ሙሉ በሙሉ የምቀበለውም ይህን ብቻ ነው። ግን ምሳሌው ላይ ጥያቄ አለኝ። በነሐሴ 2014 ቤክ ኦፍ ላይ ኢያን ዋተርስ የሚባል ተወዳዳሪ «ቤክድ አላስካ» ይሠራ ነበር። አይስክሬሙ ከበላዩ በእንቁላል ነጭ ተሸፍኖ ኦቨን የሚገባ ኬክ ነው። አይስክሬሙ ቀለጠ። ኢያን ሙሉውን ኬክ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ዳኞች ፊት የቀረበው የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ይዞ ነው። ወጣ።

ተመልካቹ ግን ዳያና ቢርድ የምትባለው ሌላ ተወዳዳሪ አይስክሬሙን ከፍሪዘር እንዳወጣችበት አይቷል። ለቢቢሲ ከ800 በላይ ቅሬታ ደረሰ። አቅራቢዋ ሱ ፐርኪንስ ግን አይስክሬሙ ውጭ የቆየው 40 ሰከንድ ብቻ ነው አለች። 40 ሰከንድ ውስጥ ምን ይቀልጣል? ስክሪኑ ላይ ግን ነገሩ የክህደት ታሪክ መስሎ ወጣ። ለዚህ ነው ከስክሪን የተወሰደ ትምህርት ላይ የምጠራጠረው። ኤዲተሩ ሽንኩርት ከሚከትፍ ሰው ይፈጥናል።

እዚያ ድንኳን ውስጥ አይስክሬም ያስቸገረው ደግሞ ኢያንን ብቻ አልነበረም። ሌሎቹ የተንሸራተተውን፣ የፈሰሰውን ይዘው ቀረቡ፤ ተቀመሰላቸው። ኬኩ ጥሩ ከሆነ ኬኩ ነጥብ ያመጣል። መረቁ ቢያር ሥጋው ይቀመሳል። የተጣለ ነገር ግን አይቀመስም። ስለዚህ ለልጁ «አትናደድ» አላልኩትም፤ የሰው ልጅ ነው፣ ይናደዳል። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ከሥራ ቦታህ አርቀው።

ሰባተኛው ላይ ብዙ አልልም። «ካላሸነፍክ ከንቱ ነው» የሚለውን ራሳቸው ምሳሌዎቹ ይመልሱታል። ካርላ ሆል ከ2011 እስከ 2018 «ዘ ቹ» የተባለውን የቀን ፕሮግራም ከአቅራቢዎቹ አንዷ ሆና ሠርታለች። በዋፍል የወጣው ክዋሜ ዋሽንግተን ውስጥ የከፈተው የመጀመሪያ ምግብ ቤት ሦስት ወር ሳይሞላው ተዘጋ። በዚያው ዓመት በ2017 ወንዝ ዳር «ኪት ኤንድ ኪን»ን ከፈተ። በ2019 በአሜሪካ የምግብ ዓለም ትልቅ ስም ያለውን የጄምስ ቤርድ የወጣት ሼፎች ሽልማት ወሰደ። በ2022 ደግሞ ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ «ታቲያና» የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። ከዚያም በፊት ወደ ቶፕ ሼፍ ተመልሶ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። የዚያን ዙር አሸናፊ ስም ሳትፈልጉ ማን ያስታውሳል? እኔም አላስታውስ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ሙከራ አደረግን። ያ ቀይ ድስት ምድጃው ጫፍ ላይ ተገፍቶ፣ በቀስታ እየተንተከተከ ነው። እህቴ «ያልደረሰ ነገር አይጣልም» ብላ ራሷ ያዘችው። ልጁ አሁን በወረቀት ጽፏል። ከላይ «60» ይላል፣ ከታች ወደኋላ እየቆጠረ «8 ደቂቃ ሳህን» ብሏል። ሰዓቱን ስለቅ አልሮጠም። ወተት ጣደ። ለቂጣው ዱቄት ለወሰ። የዶሮውን ጭን ከአጥንቱ አላቀቀና በአዋዜ አሸው። ወተቱ ሲግል በሎሚ አረጋው፤ አይቡ በወንፊት ሲንጠባጠብ ቂጣውን ምጣድ ላይ አደረገ። ትንሽ ሽንኩርት፣ ሰፊ መጥበሻ፣ ዶሮው ተጠበሰ። ቂጣውን ቆራርሶ በንጥር ቅቤና በበርበሬ አሸው። ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተ።

57ኛው ደቂቃ ላይ አራት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ለምን አራት?» አለች እህቴ። ሦስቱ ለዳኞች፣ አንዱ ለካሜራ ነው አልናት። ፎቶ አነሳነው። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሦስቱን እኛ ቀመስን፤ እሱ፣ እኔና ባለቤቴ። ቂጣው አልደረቀም። አይቡ በርበሬውን አበረደው። ልጁ ፈገግ እያለ ወደኔ ያያል፤ እኔም ጎበዝ ልለው አፌን ከፈትኩ።

የካሜራውን ሳህን እህቴ አንስታ ነበር። አንዴ ጎረሰች፣ ደገመች። «ጨው አንሶታል» አለች፤ ሳህኑን ግን እስክትጨርስ አላስቀመጠችም።